ሳልነሣ የተቀበልኋቸው እንግዶች

እግሬ የቆሰለው ከጋሪ ስወርድ ነው። ከገበያ ስመለስ ፈረሱ ሳይቆም ወረድሁና የጋሪው መርገጫ ብረት የግራ ቅልጥሜን ፋቀኝ። ትንሽ ጭረት ነበረች። በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ፣ ጎመኔን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ ትሽራለች ያልኋት ጭረት ግን አልሻረችም። ቆዳው ተከፈተ፣ ሰፋ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ጠለቀ። የእግሮቼ ደም ሥር ድሮም ያበጠ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ፍኖተ ሰላም በቀበሌ ኅብረት ሱቅ ተቀጥሬ፣ ስኳርና ሳሙና እየመዘንሁ ዕድሜዬን በቁሜ ነው የጨረስሁት።

ቅቤ ቀባሁት። ማር አደረግሁበት። ሰዉ ሁሉ እንደሚያደርገው የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቼ ዱቄቱን ነሰነስሁበት። ጸበልም ተጠመቅሁ። አንዳንድ ጊዜ ይደርቅና ዳነ ስል፣ በማግስቱ የጠመጠምሁበትን ጨርቅ አርጥቦት አገኘዋለሁ።

ከሕመሙ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነው። በሥርዓታችን ደም ወይም እዥ የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ሥጋ ወደሙም አይቀበልም። ማንም አትግቢ አላለኝም፤ ራሴ አውቄ ቀረሁ። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ ቆራቢ ነበርሁ። ከቆሰልሁ ወዲህ ግን ሦስት ፋሲካ በቅጽሩ ውስጥ፣ ከዋንዛው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አሳለፍሁ። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ጥርት ብሎ ይሰማል። መስማትና መቀበል ግን አንድ አይደለም። ከእግዚአብሔር የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ሳልሞት ይህ ቁስል ደርቆ፣ ገብቼ እንድቆርብ።

ታናሽ እኅቴ የምትኖረው ቡሬ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፍቶ መኪና መመላለስ የጀመረ ሰሞን ልትጠይቀኝ መጣች። ገና ከበር ላይ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

«እቴቴ፣ ምንድን ነው የሞተው?»

«አይጥ ይሆናል» አልኋት።

«አይጧ ቀሚስ ለብሳለች እንዴ?» አለችና መጥታ ቀሚሴን ገለጠችው።

ቁስሉን አየችው፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረችም። እሷ ዝም ስትል ነገሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ከደጅ አስቁማ ወደ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትውልዱ ከጅጋ ገጠር። የሞተውን ሥጋ በእርጋታ እያነሣ ቁስሉን አጠበ፤ የእግሬን የደም ምት ዳሰሰ፤ ስኳር ይኖርብኝ እንደሆነ አስመረመረኝ፤ የለብኝም። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ከፊቴ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ቁስሉ ወደ አጥንት እየቀረበ ነው። በፋሻ ብቻ የሚሞላ አይደለም። ከጭንዎ ቆዳ ልጦ መለጠፍ ይቻላል፤ ግን በዚህ ዕድሜዎ ሌላ ቁስል ልከፍትብዎ አልወድም። ተዘጋጅቶ ከውጭ አገር የሚመጣ የቆዳ ምትክም አለ፤ እሱ እኛ ዘንድ አይደርስም።»

«እንግዲያው ምን ልታደርግላት ነው?» አለች እኅቴ።

«እዚሁ የምናገኘው ምትክ አለ።»

ነገሩን አስረዳን። ሕፃን በማኅፀን ሳለ ተጠቅልሎ የሚያድግበት ስስ ሽፋን አለ። በቀዶ ሕክምና ከምትወልድ ጤነኛ እናት፣ ደሟ ተመርምሮና ፈቃዷ ተጠይቆ፣ ይወሰዳል። ይታጠባል፤ በመድኃኒት ተዘፍዝፎ በቅዝቃዜ ይቀመጣል። ጥልቅ ቁስል ላይ ሲለጠፍ ሕመሙን ያበርዳል፤ ሥጋው እንዲሞላ፣ ቆዳውም ከዳር ዳር እንዲመጣ ይረዳል።

እኅቴ ዓይኗ ፈጠጠ። «የእንግዴ ልጁን?»

«የእንግዴ ልጁን አይደለም፤ ከላዩ ያለውን ሽፋን ብቻ።»

«እኛ እኮ እንቀብረዋለን!»

እውነቷን ነው። እኔ ስወልድ አማቴ ከጓሮ፣ ከጌሾው አጠገብ ጉድጓድ ቆፍራ ትቀብረው ነበር፤ ውሻ እንዳያወጣውም ድንጋይ ትጭንበት ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ማንም አያነሣም። ያን ስንቀብረው የኖርነውን ነገር እግሬ ላይ ሊለጥፉት ነው ማለት ነው። መጸየፍ የሚገባኝ መሰለኝ፤ ነገር ግን አልተጸየፍሁም። አንዲት ሴት ከወሊዷ ላይ ለማታውቀው ሰው የምትሰጠው ነገር መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

«ያ ቆዳ የእኔው ሆኖ ይቀራል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አይቀርም። ዳስ ነው ይበሉት፣ እማማ። ዳሱ ፀሐዩንና ዝናቡን ይከለክላል እንጂ ቤቱን የሚሠራው የእርስዎ ገላ ነው። ቤቱ ሲያልቅ ዳሱ ይፈርሳል።»

ቁስሉ በመድኃኒት እስኪጠራ ተመላለስሁ። ከዚያ አንድ ቀን ዛሬ ይምጡ ተባልሁ። ሽፋኑን በጓንቱ ጣት ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። የሽንኩርት የውስጥ ልጣጭ ይመስላል፤ ከበስተጀርባው ያለው ጣት ይታያል። ቁስሉ ላይ ሲያሳርፈው ጥብቅ ብሎ ያዘ። ለዓመታት እንደ ፍም ሲያቃጥለኝ የነበረው እግር በረደ። በላዩ ሌላ ጨርቅ አደረገና ከጣቶቼ እስከ ጉልበቴ በፋሻ ጠበቅ አድርጎ ጠመጠመው።

«አሁን ሥራው የእርስዎ ነው። ተኝተው እግርዎን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉ። ወደ መጸዳጃ ካልሆነ በቀር አይቁሙ። እግርዎ ወደ ታች ሲንጠለጠል ውኃ ይቋጥርና ሽፋኑን ያንሳፍፈዋል።»

እሺ አልሁ። እኅቴም ወደ ቡሬ መመለሷን ትታ ልታስታምመኝ ተቀመጠች።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ነበር። «የሕፃን ቆዳ አለበሷት» ተብሎ። እግዜር ይማርሽ ሊለኝ የሚመጣው ሰው በዛ። የማኅበር ሴቶች መጡ፤ የድሮ የሱቅ ባልደረቦቼ መጡ፤ ከቋሪት ከገበዝ ማርያም የባሌ ዘመዶች ሳይቀሩ በእግራቸው መጡ። በአገራችን ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ የመጣውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። ይህን የማያደርግ ልጅ እናቱ ያልቆነጠጠችው ነው። እኔን እናቴ ቆንጥጣኛለች። ስለዚህ ሰው በገባ ቁጥር እግሬን ከትራሱ አውርጄ ብድግ እል ነበር፤ በእግዜር እስክባልም እቆም ነበር። አንዳንዱ ሽማግሌ ደግሞ ከበር እስከ መደቡ ሲደርስ ጊዜ ይወስዳል።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግማ የመጣችው ጠላ ጠማቂዋ ጎረቤቴ ናት። ዕድሜያችን እኩያ ነው። ፋሻውን ትኩር ብላ ስታየው ቆየችና፣

«የወንድ ነው የሴት?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሽፋኑ ነዋ! የተወለደው ወንድ ነው ወይስ ሴት?»

«አልጠየቅሁም።»

«ኧረ የማርያም ያለህ! እንዴት አትጠይቂም? ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን ልትገቢ ነው?»

የወለደች ሴት ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ቆይታ ነው ሕፃኑን ይዛ የምትገባው። ጎረቤቴ ይህን ሥርዓት ወደ እኔ እግር አዙራው ነበር።

እኅቴ ከጓዳ ሰማቻት። «አራስ ናት በይኛ! እንግዲያው ገንፎ አምጪላት፤ ባዶ እጅሽን አራስ ጥየቃ ትመጫለሽ?»

የምትቀልድ መስሏት ነው። በማግስቱ ግን ጎረቤቴ ቅቤው መሐሉ ላይ ኩሬ የሠራ ገንፎ ይዛ መጣች። ተነሥቼ ተቀበልኋት። ገንፎው ጥሩ ነበር። የአርባና የሰማንያው ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀረ፤ ማንንም አልጠየቅሁም።

የቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ፋሻውን ፈታው። ሽፋኑ ከቦታው የለም። ከቁስሉ አንድ ጥግ እንደ ረጠበ ወረቀት ተጣጥፎ ተከማችቷል። ቁስሉም እርጥብ ነው፤ እግሬም አብጧል። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ።

«ተኝተው ነበር፣ እማማ?»

«ተኝቼ ነበር።»

«አልቆሙም?»

«ወደ መጸዳጃ ብቻ።»

«እቴቴ!» አለች እኅቴ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ እስኪ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይውጡና ተመልሰው ይግቡ።»

«ለምን?»

«ግድ የለዎትም፣ ይውጡ።»

ግራ ገብቶት ወጣ። በሩን ዘጋ። ከዚያ ከፍቶ ገባ። እኔ ምን እንዳሰበች ሳይገባኝ እግሬ ወለሉን ነክቶ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ «ኖር» ብያለሁ። ሐኪሙም ሳያስበው «በእግዜር» አለ። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ። ከአጠገቡ ያለችው ነርስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«አዩ?» አለች እኅቴ። «ጠዋት ይኸ፣ ማታ ይኸ። ዶሮ ቢገባ ለዶሮም ትነሣለች።»

ውሸት አልተናገርሁም። ለሰው ብድግ ማለት መቆም አይመስለኝም ነበር። ለእኔ መቆም ማለት ወፍጮ ቤት ተራ መጠበቅ፣ ሱቅ ውስጥ መዋል፣ ማሕሌት ማደር ነው። ለእንግዳ መነሣት ከመተንፈስ ለይቼ የማየው ነገር አልነበረም።

ሐኪሙ ሳቁን ጨርሶ መልሶ ተቀመጠ። «የእኔም እናት እንዲሁ ናት፤ አልፈርድብዎትም። ሌላ እናት ስትፈቅድልን እንደገና አደርጋለሁ። ነገር ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ሁለተኛው ካልያዘ ቁስሉ አጥንት ውስጥ ይገባል። አጥንት ከገባ እግሩን ማትረፍ ያስቸግራል።»

በባጃጁ ወደ ቤት ተመለስን።

እኅቴ መጀመሪያ በር ዘጋች። የመጣውን ሰው «ተኝታለች» እያለች ከደጅ መለሰችው። በሁለተኛው ቀን ገበያ ላይ «ምን በድለናት ነው ፊቷን የነሣችን?» መባሉ ተሰማ። በሩን ራሴ አስከፈትሁ። ሰው የማይጠይቀው ሕመምተኛ ከሞተ በምን ይለያል? ቀጥላ እግሬን በመቀነት ከአልጋው ጋር አሰረችው። ጎረቤቴ ስትገባ አልጋው አብሮኝ ሊነሣ ነበር፤ ፈታችኝ።

ሁለተኛው ሽፋን የተለጠፈ ዕለት ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባቴ መጡ። እሳቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው በየደጃፉ ሲለምኑ እኔ ባለ ትዳር ነበርሁ፤ ዛሬ ግን «ልጄ» ይሉኛል፤ ወጉ ነው። ጥምጥማቸውን በበሩ ሳየው ጉልበቴ ተንቀሳቀሰ።

«አባ፣ ስለ ማርያም ካሉበት ይቁሙ!» ብላ እኅቴ ጮኸች።

አንድ እግራቸው ከመድረኩ ውስጥ፣ አንዱ ከውጭ እንዳለ ቆሙ። «ምን ሆናችኋል? እባብ ገባ?»

«እባብስ በተሻለ። እባብ ቢሆን አትነሣለትም ነበር።»

ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የሐኪሙን ቃል፣ የተጣጠፈውን ሽፋን፣ የአልጋውን ሳይቀር። ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ እኔ አዩ።

«ልጄ፣ አሁን ልትነሺ የነበረው ለማን ነው?»

«ለመስቀሉ ነው፣ አባ።»

«መስቀሉስ ይመጣል።»

መጡና ከአልጋው ሥር በርከክ አሉ። መስቀሉን ከተኛሁበት አሳለሙኝ፤ ግንባሬን ከዚያም ፋሻውን ዳሰሱበት። ሰው ለመስቀል ዝቅ ሲል እንጂ መስቀል ወደ ሰው ዝቅ ሲል አላየሁም ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ቀኖናሽ ይኸ ነው» አሉኝ። «ስግደቱን ትተዪዋለሽ። ስግደትሽ መተኛት ነው። ለማንም አትነሺም፤ ለጳጳስም ቢሆን።»

«ለጳጳስም?» አለች እኅቴ።

«ጳጳስ ቢመጡ ስለ እሷ አንቺ ትነሻለሽ። ለሌላውም እንዲሁ። እንግዳው ክብሩን አያጣ፣ እሷም እግሯን አትጣ። ከቤቱ ያለ ሰው ስለ እሷ ይነሣ።»

እኅቴ አፏን ከፈተች፤ ግን የካህን ቃል ነውና መልሳ ዘጋችው።

ሊወጡ ሲሉ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የአርባውንና የሰማንያውን ጉዳይ፣ ከነገንፎው፣ ጠየቅኋቸው። አልሳቁብኝም። ጺማቸውን ይዘው አሰቡ።

«ወልደሻል?»

«አልወለድሁም።»

«እንግዲያው የምን አርባ፣ የምን ሰማንያ? አንቺን የሚከለክልሽ የሚፈሰው ነው። ሲደርቅ ነይ።» መድረኩን ከተሻገሩ በኋላ ዞር አሉ። «ገንፎውን ግን ማን በላው?»

«እሷ ናት!» አለች እኅቴ። ግማሹን የበላችው ግን ራሷ ነበረች።

የካህኑ ቃል በአንድ ቀን ሰፈሩን ዞረ። ሰዉ አላቆመም፤ እንዲያውም በዛ። ግን መልኩ ተለወጠ። ገና ከደጅ፣ እኔን ሳያዩኝ፣ «በእግዜር! በእግዜር!» እያሉ ነው የሚገቡት። እኔ ከትራሱ ላይ ሆኜ በእጄ ሰላም እላለሁ፤ እኅቴ ስለ እኔ ትነሣለች። ቡና ስታጠጣ ትነሣለች፤ ሽሮዋን ስታማስል ማማሰያዋን ይዛ ትነሣለች። አንዳንዶች ሆን ብለው ወጥተው ይገቡባታል። «የእሷ እግር ሲድን የእኔ ጉልበት ሊሞት ነው» ትላለች፤ ግን ትነሣለች።

እኔ መጀመሪያ ላይ አፈርሁ። በሽማግሌ ፊት እግር ዘርግቶ መተኛት ነውር ሆኖ ነው ያደግሁት፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ያምረኝ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ሰዉ ላይ የቅሬታ ምልክት ፈልጌ አጣሁ። ተቀምጠው ስለ እህሉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ ያወራሉ፤ እኔም ተኝቼ እሰማለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሲያወራ እስከ መጨረሻው ተኝቼ የሰማሁት ያኔ ነው።

በቀጠሮው ቀን ፋሻው ሲፈታ እኅቴ ማየት አልፈለገችም፤ መስኮቱን ታይ ነበር። ሐኪሙ አጎንብሶ ተመለከተና «ይዟል» አለ። ቃሉ ይኸው ብቻ ነበር። ሽፋኑ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ፣ ከሥሩ ቀይ ንጹሕ ሥጋ ይታያል። እኅቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ ለሐኪሙ እግዜር ይስጥልኝ አልሁት።

ከዚያ በኋላ ሌላም ተለጠፈ፤ ከሌላ እናት። ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ሞላ። ከዳሩ አንድ ሐምራዊ ጠርዝ ወጣ፤ በየቀጠሮው ትንሽ ትንሽ ወደ መሐል ይገባ ነበር። ሐኪሙ ዳስ ያለው ልክ ነበር። ሽፋኖቹ ሟምተው የት እንደ ገቡ አላውቅም፤ የቀረው የራሴ ቆዳ ነው። ስስ ነው፤ ያብለጨልጫል፤ እንደ ልጅ ተረከዝ ለስላሳ ነው። የሰጡኝ ሴቶች እነማን እንደሆኑ አይነገርም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከገበያ ሕፃን ያዘለች ወጣት ሳይ ትንሽ አየት አደርጋታለሁ፤ ከዚያ አልፋለሁ። ፋሻውን እስከ ዕድሜ ልክዎ ቀን ቀን አይተዉት ተብያለሁና እጠመጥማለሁ።

ጨርቁ ደርቆ መዋሉን ሲያረጋግጡ የንስሐ አባቴ ቀን ሰጡኝ። በዕለተ ሰንበት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በዋንዛው በኩል አልፌ በሴቶች በር ገባሁ። ነጠላዬን እንደ ሥርዓቱ አጣፍቼ በቦታዬ ቆምሁ። ቦታዬን የያዘብኝ አልነበረም። ቆረብሁ። ስለዚያ ሰዓት ብዙ ልጽፍ አልችልም፤ የሚጻፍም አይመስለኝም።

የቆረበ ሰው እንደሚያደርገው አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ሳላወራ፣ በቀስታ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። እኅቴ በማግስቱ ወደ ቡሬ ትሄዳለች፤ ሻንጣዋ ከመደቡ ሥር ተዘጋጅቷል። ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ጎረቤቴ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ልትለኝ መጣች። በሩ ሲንቀሳቀስ ሁለታችንም አንድ ላይ ብድግ አልን።

እኅቴ አየችኝ፤ ከዚያ እያቃሰተች ተመልሳ ተቀመጠች።

«ተመስገን፤ ከእንግዲህ የራስሽን እንግዳ ራስሽ ተቀበይ» አለችኝ።

ጎረቤቴ ገና አልተቀመጠችም፤ ቀሚሴን ትመለከታለች። «በይ እንጂ፣ አሳዪኝ» አለች። ማውራት ስለማልችል ቀሚሴን ከፍ አድርጌ፣ ፋሻውን ፈትቼ አሳየኋት። አጎንብሳ በጣቷ ሳትነካ ተመለከተችው።

«አይ ልጅነት!» አለች። «ይኸ እግርሽ በዕድሜ ካንቺ በጣም ያንሳል።»

እኅቴ ሳቀች። እኔም ከነጠላዬ ሥር ሳቅሁ።